ከግሉተን ነፃ የሆነው ቦርጭ

በእኛ አገር ሰው በሰላም መክሳት አይችልም። ቀበቷችሁን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጥብቃችሁ ከቤት ከወጣችሁ አለቀላችሁ፤ ድንች የምትሸጥላችሁ ሴት ሳትቀር «ምነው፣ ደህናም አይደለህ?» ብላ መንገድ ላይ ታስቆማችኋለች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሥራችሁ አለመታመማችሁን ማስረዳት ነው። ቦርጭ አውጥታችሁ ብትመጡ ግን አገር እልል ይልላችኋል። አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት አቅቷችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ስታለከልኩ የሚያያችሁ ሁሉ «እሰይ፣ ተመችቶሃል!» ይላል። የተመቸው ሰው ለምን ያለከልካል ብሎ የሚጠይቅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው ምቀኛ ስለሆንኩ አይደለም፤ ወይም ስለዚያ ብቻ አይደለም። ጂኦግራፊ ላስተምር ከጎጃም ነቀምቴ የመጣሁት ፀጉር ሳለኝ ነው። ፀጉሩ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። በእነዚህ ዓመታት የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህች ከተማ ሰው የምትወደው በምግብ መሆኑን ነው። እንግዳ ሆናችሁ ስትቀመጡ የቤቲቱ እመቤት «ኛዹ!» ትላችኋለች፤ ብላ ማለቷ ነው። ጠገብኩ ስትሉ «ኛዹ ማሎ!» ይመጣል፤ እባክህ ተጨመረበት ማለት ነው። በኦሮምኛ እምቢ ያለውን ደግሞ በአማርኛ «በሞቴ» ብሎ የሚቀበለው ሌላ ሰው አለ። በሁለት ቋንቋ ተከቦ የዳነ ሆድ አላየሁም።

የዛሬው ወጌ የይመር ነው። ይመር የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ እድር ነን። አንገር ጉቲን ተወልዶ ያደገ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ሲሆን ሚስቱ ጫልቱ የነቀምቴ ተወላጅ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናት። ሰውየው ከማውቀው ጀምሮ ቀጭን ነበር። ቀጭን ስላችሁ ኮት ለብሶ ሲሄድ ኮቱ ብቻውን የሚሄድ የሚመስል ቀጭን። የበላው አይረጋለትም፣ ሆዱ ይነፋል፣ ደም ያንሰዋል፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘ ይንገዳገዳል።

አገሩም ዝም ብሎ አላየውም። አሜባ ነው ተብሎ ታከመ። ታይፎይድ ነው ተብሎ ታከመ። ታይፎይዱ አገርሽቶ ነው ተብሎ ደግሞ ታከመ፤ እኛ አገር ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሆድ ካለ እስቲ አሳዩኝ። ኮሶ ጠጣ፣ ጸበል ተጠመቀ፣ ጸሎት ተደረገለት። በጀርባው ደግሞ ስሙ የማይጠራ በሽታ ሁሉ ተሰጠው። አንድ ያልተሞከረ ነገር ቢኖር የሚበላውን ማየት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ክበብ ሁለት ዳቦ በሻይ ይበላል። ሲብስበት ደግሞ ሆድ ያሽራል ተብሎ የገብስ አጥሚት ይሠራለታል። በሽታውን በማንኪያ እያጎረስን ስለ በሽታው እናዝን ነበር።

በመጨረሻ በክረምት እረፍት አዲስ አበባ ሄደ። አንድ ሐኪም በጉሮሮው ቱቦ አስገብቶ አንጀቱን አየና «ሴሊያክ» ነው አለው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ እሱ የይመርን አንጀት ይልጠዋል፤ መድኃኒቱ ሁለቱን እህሎች ዕድሜ ልክ አለመቅመስ ነው፤ ዳቦ የለም፣ ጠላ የለም፣ ቢራ የለም። «ክብደትህን፣ ደምህን፣ ስኳርህን ደግሞ በየጊዜው ትታያለህ» የሚልም ምክር ተጨምሮ ነበር። ይመር የመጀመሪያውን ምክር ይዞ፣ ሁለተኛውን አውቶቡስ መናኸሪያ ጥሎት ተመለሰ።

የሰፈሩ ሰው በሽታውን አልወደደውም። መርፌ የለውም፣ ኪኒን የለውም፣ ታዲያ ምኑ በሽታ ነው? የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጉደታ «ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ምናልባት በትምህርት ብዛት የሚመጣ ይሆናል» አሉ። እኔም ብሆን እንዲህ ያለ በሽታ ካልቀረ ወለጋ ላይ መያዝ ነው ብዬ ነበር። ጤፍ አለ፣ በቆሎ አለ፣ ማሽላ አለ፣ ዳጉሳ አለ፣ አንጮቴ ከጓሮ ይነቀላል። ፈረንጅ ስንዴ ሲከለከል አገሩን የተከለከለ ያህል ነው፤ ይመር ግን የሚያጣው አንድ ዳቦ ብቻ ነበር። ጫልቱ ስንዴ ወይ ገብስ ይቀላቀልበታል ብላ እንጀራ ከገበያ መግዛት ተወች፣ ጤፉን ራሷ አስፈጨች፣ ቤቷ ውስጥ የስንዴ ዱቄት የሚባል እንዳይገባ አደረገች። በጥቂት ወራት ውስጥ የሰውየው ሆድ ረጋ፣ ፊቱ ላይ ደም መጣ፣ ኮቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ታወቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ወግም አልጽፍ፣ እናንተም ወደ ሥራችሁ ትሄዱ ነበር።

አላለቀም። ምክንያቱም አዘንንለት። የእኛ ኀዘኔታ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም።

«ዳቦ የተከለከለ ምስኪን» ተባለ። አንድ ነገር የተከለከለ ሰው የቀረውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ መብላት አለበት የሚል ሕግ ሰፈሩ ውስጥ ወጣ፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን አከበረው። ጎረቤቱ አዴ ብርቄ ጩምቦ መላክ ጀመሩ። ጩምቦ ለማታውቁ፣ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ ግን ቂጣውን ለማየት መጀመሪያ ላዩ ላይ ያለውን ቅቤና አይብ መሻገር ያስፈልጋል። «ጤፍ ነው፣ ተፈቅዷል!» ይላሉ አዴ ብርቄ። አንጮቴው በቅቤ ታሽቶ ይመጣል፤ «ሥር ነው፣ ተፈቅዷል!» ማር ይመጣል፤ ንብ ስንዴ አትቀስምም፣ ተፈቅዷል። ለስላሳ መጠጥማ ምን ገብስ አለው? በየቤቱ አንድ ሳጥን ይከፈትለታል። ሁሉም ሰው በድንገት የግሉተን ሊቅ ሆነ፤ ጨጓራ ደግሞ ምን ያህል ይይዛል የሚለውን የጠየቀ ሊቅ አልነበረም።

ይመርስ? ይመር ይባስ ብሎ ኩራት ገባው። አንድ ባለ ሱቅ ለምኖ ከአዲስ አበባ «ከግሉተን ነፃ» የሚል የታተመባቸው ብስኩቶችና ኬኮች ያስመጣ ጀመር። ዋጋቸው ሲጠራ እኔ ሱቁ ውስጥ ሆኜ ኮፍያዬን አውልቄያለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ እንደ ዲፕሎማ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን አንሥቼ ጀርባውን አገላበጥኩት፤ ስኳር፣ የሩዝ ዱቄት፣ ዘይት፣ ደግሞ ስሙን የቀየረ ሌላ ስኳር።

«ይመር፣ ይኼ እኮ ስኳር ነው» አልኩት።

«ግሉተን አለው?» አለኝ።

«የለውም።»

«በቃ!» አለና ወሰደብኝ። ዕድሜ ልኩን ውህድ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከግሉተን ነፃ የሚለውን ከኃጢአት ነፃ ብሎ አነበበው። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢመልስለት ዜሮ ይሰጠው ነበር።

ቦርጩ መጀመሪያ በሸሚዝ ቁልፍ በኩል ብቅ አለ። ቀጥሎ ኮቱ እምቢ አለ። ቀጥሎ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ያለችውን ዳገት በእግር መሄድ ትቶ በባጃጅ ሆነ። ባጃጁም ከኋላ ሦስት ሰው መጫኑን ትቶ ይመርንና አንድ ቀጭን ተማሪ ብቻ ይጭን ጀመር። ፎቶው አንገር ጉቲን ላሉት እናቱ ተላከ። እናትየው መንገዱ ክፉ ሆኖ ልጃቸውን ለብዙ ጊዜ ሳያዩ የቆዩ ናቸው፤ ፎቶውን አይተው በስልክ አለቀሱ፣ «ልጄ ሥጋ ለበሰልኝ» አሉ። በእሳቸው አልስቅም። በዚህ ዘመን ልጇ በሕይወት አለ ተብሎ ፎቶ የደረሳት እናት የወገቡን ስፋት ልትለካ አትችልም።

በሌሎቻችን ግን እስቃለሁ። ምክንያቱም የምስጋና ድግስ ደገስን። «ይመር ዳነ» ተባለ፤ በግ ታረደ፣ ጩምቦው በሰፌድ መጣ፣ ኦቦ ጉደታ ተነሥተው የድሮውንና የዛሬውን ይመር እያነጻጸሩ ረዥም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ቦርጩን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ይኼ የፈጣሪ ሥራ ነው!» አሉ፤ ተጨበጨበ። ፈጣሪ ያልሠራውን ሥራ ሲሰጡት ምን እንደሚል አላውቅም። ይመር በየመሀሉ እየተነሣ ወደ ጓሮ ይሄድና ተመልሶ ውሃ በጆግ ይጠጣል። ያን ጊዜ ልብ ያለችው ጫልቱ ብቻ ናት። እኔን በር ላይ ይዛ፣

«ጋሼ፣ እግሩ ላይ ያለችው ቁስል አልድን ብላለች» አለችኝ። «አዲሱ ጫማ የላጠው ነው። ሌሊት ሙሉ ውሃ ይጠጣል። ማሎ፣ እርስዎ ይንገሩት፣ ሐኪም ቤት ይሂድ።»

ነገርኩት። «የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ ለበሽታው ድግስ የደገሰ ሰው ምን እንደሚሆን ግን አልተናገሩም።

ሐኪም ቤት ያስገባው በመጨረሻ የእኔ ምክር ሳይሆን ጠመኔ ነው። ሰሌዳ ላይ ራሱ የጻፈውን ማንበብ አቃተው። ጠመኔው ጥራት የለውም ብሎ ርእሰ መምህሩን ተጣላ፤ ሌላ ጠመኔ መጣ፣ ያም ደበዘዘ። መነጽር ላሠራ ብሎ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ አብሬው ሄድኩ፤ ጫልቱም ከሥራ ቀርታ መጣች። የዓይን ክፍሉ መነጽር አልሰጠውም፤ ደም አስመርምሮ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላከው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቁጣዋ ግን የትልቅ ሰው ነበር። የደም ስኳሩ ወጥቷል፣ ግፊቱ ወጥቷል፣ ጉበቱ ላይ ስብ ተቀምጧል።

«እኔ እኮ ስንዴ ከአፌ ገብቶ አያውቅም!» አለ ይመር፣ እንደተበደለ ሰው።

«አልገባም፣ ጎበዝ» አለች። «ድሮ አንጀትዎ ስለተጎዳ የበሉት ሁሉ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ስንዴውን ሲተዉ ዳነ። የዳነ አንጀት ደግሞ የሰጡትን በሙሉ ይወስዳል። እርስዎ ምን ሲሰጡት ከረሙ?»

ይመር ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ብስኩቱን፣ ጩምቦውን፣ ማሩን፣ ለስላሳውን እየቆጠረች የነገረቻት ጫልቱ ናት። ሐኪሟ ጫማውን አስወልቃ ቁስሉን ካየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ስኳሩ ካልወረደ ይህ ቁስል አይድንም፤ ካልዳነ ጣቱ ይሄዳል፣ ከጣቱ በኋላ ደግሞ እግሩ። ዓይኑም እንዲሁ። ጫልቱ የባሏን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ጫማውን ግን ሐኪሟ ተናግራ እስክትጨርስ አላስቀመጠችውም። ፈራሁ፤ ያን ዕለት የእውነት ፈራሁ።

ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ትንሽ ታገሡኝ፣ ማጡ ገና ነው።

ይመር በስኳር ተኛ የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። በማግስቱ ጠያቂው ጎረፈ። እኛ አገር ስኳር ላለበት ሰው ጤፍ አይሆንም፣ የሚሆነው ገብስ ነው የሚባል እምነት እንዳለ ታውቃላችሁ። እና ሰፈሩ ምን ይዞ መጣ መሰላችሁ? የገብስ ዳቦ። የገብስ ቂጣ። የገብስ ቆሎ። የጥቁር ስንዴ ቂንጬ። «ለስኳር ፍቱን ነው!» እየተባለ በየሰሀኑ ተሸፍኖ መጣ። ትናንት ግሉተን አለው የለውም እያሉ ሲፈትሹ የነበሩት ሊቃውንት የመጀመሪያውን በሽታ በአንድ ሌሊት ረሱት። ለእኛ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ በሽታ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ሁለት ሲሆንበት አዲሱን እንጠይቃለን፣ አሮጌውን እናሰናብታለን።

ይመር ደግሞ ዳቦ ከሸተተው ዓመት አልፎታል። አልጋው ላይ ተንጋሎ ትኩስ ዳቦው በበር ሲያልፍ ዓይኑ፣ ያ ጠመኔ አላይ ያለው ዓይኑ፣ ጥርት ብሎ አየው። «ለስኳሩ ነው እኮ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጫልቱ ዳቦውን ከእጁ ቀምታ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ተዘጋ። «ተኝቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች የውጭውን በር ገርበብ አድርጋ። ምግብ የያዘ ሰው አይገባም፤ ባዶ እጁን የመጣ ይገባል። ባዶ እጁን ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የት ይገኛል? የአዴ ብርቄ ሰሀን እንደሞላ ተመለሰ። እስቲ ፍረዱ፤ እዚህ ሰፈር ሰሀን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፣ ሙሉውን መመለስ ግን ስም እንኳን አልወጣለትም። ለይመር ወራት ሙሉ ቅቤ ያጠጡት ሴትዮ ደግ ናቸው ተባለ። ጫልቱ ንፉግ፣ ጫልቱ ኩሩ፣ ጫልቱ ባሏን አስርባ ልትገድለው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ጉዳዩ እድር ደረሰ። እሑድ ጠዋት በእድሩ ቆርቆሮ አዳራሽ ተሰብስበን ጫልቱ ተጠራች፤ ታማሚ ጠያቂን መልሳለች፣ የጎረቤት ምግብ ንቃለች። ኦቦ ጉደታ ደንቡን ጠቅሰው ለመናገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደንባችን ስለ ሞት ብዙ ይላል። ድንኳን ማን እንደሚተክል፣ ወንበር ማን እንደሚያመላልስ፣ ንፍሮ ማን እንደሚቀቅል፣ ሁሉም አለ። ሰው እንዳይሞት ያደረገ አባል ምን ይደረግ የሚል አንድ መስመር ግን የለውም።

«ማሎ፣ ስሙኝ» አለች ጫልቱ ቆማ። «ይመር ቢሞት ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ዹጋ ነው፣ እውነት ነው፣ አውቃለሁ። ድንኳን ትተክሉልኛላችሁ፣ ታለቅሱልኛላችሁ፣ ብቻዬን አታሳድሩኝም። ደጎች ናችሁ። እኔ ምን አልኩ? ድንኳኑን ትንሽ አቆዩልኝ አልኩ።»

አዴ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ኦቦ ጉደታ ሳይቀሩ «ልብ የሚነካ ንግግር ነው» አሉ። ከዚያም ቀጧት። የተነካ ልብ ደንብ አይለውጥም። ቅጣቱ እንደተለመደው ነው፤ ያስቀየመችውን አባል ሁሉ ቤቷ ጠርታ አብልታ ትታረቅ ተባለ። ጫልቱ አልተከራከረችም። «ይሁን፤ ግን ይመር በእግሩ ሲቆም» ብላ ብቻ ወጣች።

ክረምቱ እንዳለፈ ተጠራን። ጠዋት ቁርስ ሳንበላ ነው የሄድነው፤ የእርቅ ምግብ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ይመር በር ላይ ተቀበለን። በሁለቱም እግሩ ጫማ አድርጓል፤ ሳየው ጫማዎቹን ደግሜ ቆጠርኩና ሰላም ሳልለው አለፍኩ። ቦርጩ ሄዷል፤ ሱሪውን በአንድ እጁ ሳብ ያደርጋል።

ተቀመጥን። ምግቡ ቀረበ። የተቀቀለ አንጮቴ፣ ቅቤ በአጠገቡ ያላለፈ። ጎመን። የባቄላ ንፍሮ። ለየሰው አንዳንድ ስስ የጤፍ እንጀራ። ውሃ። ኦቦ ጉደታ ትንሽ ነካ ነካ አድርገው ወደ ጓዳ ያዩ ጀመር፤ በግ ካለ ሽታው ይታወቃል፣ አልታወቀም። ይመር በመሀላችን ተቀምጦ ከእኛው ሰሀን በላ። ዓመት ሙሉ ለብቻው ሲቀርብለት ለነበረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማንም «ኛዹ» አላለውም፤ ሁላችንም ራሳችንን ለማስበላት እየታገልን ነበር። ጫልቱ ከጓዳ ብቅ አለችና ፈገግ ብላ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» አለች። ጎመን ጨመረችልን።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመን ኦቦ ጉደታ የእድሩን አመራር በጎን ሰብሰብ አድርገው ተማከሩ። ከምክክሩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔውን አሰሙ። አባላችን አዴ ጫልቱ ለወደፊቱ በምንም ዓይነት ጥፋት እንዳይቀጡ ተወስኗል አሉ፤ በሙሉ ድምፅ አጸደቅንና እየተራብን ወደየቤታችን ሄድን።